ተጓዥ ሞገድን ማስላት፦ ከጣና እምቦጭ ጋር ደረጃ በደረጃ

ሪአክሽን-ዲፊውዥን እኩልዮሽ ውስጡ ያለው ሥራ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ባሉበት ማደግ ነው። ሁለተኛው ወደ ጎረቤት መሰራጨት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አንድ ግንባር ይፈጠርና ቅርጹን ሳይቀይር፣ በቋሚ ፍጥነት ወደ ባዶው ቦታ ይገፋል። ተጓዥ ሞገድ የሚባለው እሱ ነው። «መፍትሔውን ፈልጉ» ስትባሉ የሚፈለግባችሁም ሁለት ነገር ነው፦ ግንባሩ በምን ፍጥነት ይሄዳል፣ ቅርጹስ ምን ዓይነት ነው? ፍጥነቱ ይቀላል፣ ይጠቅማልም። ስለዚህ እሱን እናስቀድማለን።

ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ምሳሌ ፍለጋ መንከራተት ያሳፍራል። እምቦጭ አለላችሁ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። አንዱን ተክል ከውሃው ጎትታችሁ አውጡት። ቅጠሉን የተሸከመው አገዳ አብጧል፣ አየር ሞልቶታል፣ ስትጫኑት ይሟሽሻል። ከታች ላባ የመሰለ ጥቁር ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ከጎኑ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ ሐረግ ወጥታ ጫፏ ላይ ሌላ ትንሽዬ እምቦጭ በቅሏል። እኩልዮሹ ያቺ ሐረግ ላይ አለ። አዲስ ተክል ጨመረች፣ ይሄ እድገት ነው፤ ከእናቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ይሄ ስርጭት ነው።

ፊደሎቹን ክፍል ውስጥ እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ። ዩ የአረሙ ጥግግት ነው፤ 0 ማለት ንጹሕ ውሃ፣ 1 ማለት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ። ኤክስ ቦታ፣ ቲ ጊዜ፣ አር የእድገት መጠን፣ ዲ የስርጭት መጠን፣ ሲ ደግሞ የምንፈልገው ፍጥነት ነው።

1ኛ ደረጃ፦ እኩልዮሹን ጻፉ፣ ቁጥር ስጡት

∂ዩ/∂ቲ = ዲ × ∂²ዩ/∂ኤክስ² + አር × ዩ × (1 − ዩ)

እ.ኤ.አ. በ1937 እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ጠቃሚ ዘረመል በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚስፋፋ ለማስላት የተጠቀመበት እኩልዮሽ ነው። በዚያው ዓመት ኮልሞጎሮቭ፣ ፔትሮቭስኪ እና ፒስኩኖቭ ሞስኮ ሆነው ጠበቅ ያለውን የሒሳብ ማረጋገጫ አወጡ። ስለዚህ የአራቱንም ስም ይዞ ይጠራል።

አር ከየት ይመጣል? አረሙ በእጥፍ ለመጨመር ከሚፈጅበት ጊዜ። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የ2ን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ማለትም 0.693ን፣ ለ14 ስታካፍሉ በቀን 0.05 ገደማ ይሆናል። ዲን ማግኘት ከባድ ነው፣ ተክሎችን ምልክት አድርጎ መከታተል ይፈልጋል። ለልምምዱ በቀን 20 ካሬ ሜትር እንበል። ይቺን የመረጥኳት ከሐይቁ ለክቼ ሳይሆን ስሌቱ ንጹሕ እንዲሆን ነው፦ አር × ዲ = 1 ይሆንልናል።

አሃዳችሁን ካሁኑ ፈትሹ። አር «በቀን» ነው፣ ዲ «ካሬ ሜትር በቀን» ነው። ሲባዙና ካሬ ሥራቸው (√) ሲወጣ «ሜትር በቀን» ይመጣል፣ ማለትም ፍጥነት። ገና ምንም ሳትፈቱ መልሱ የሆነ ቁጥር ሲባዛ √(አር × ዲ) መሆኑን አወቃችሁ ማለት ነው። የቀረው ያንን ቁጥር መፈለግ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ከግንባሩ ጋር አብራችሁ ሂዱ

ዜድ = ኤክስ − ሲ × ቲ በሉ። ከዚያ ዩ(ኤክስ፣ ቲ) = ፒ(ዜድ) ብላችሁ ተኩ። ፒ የግንባሩ ቅርጽ ነው። ትርጉሙ፣ በጀልባ ሆናችሁ በግንባሩ ፍጥነት ብትቀዝፉ የምታዩት ነገር አይለወጥም ነው።

የጊዜው ዴሪቬቲቭ −ሲ × ፒ′ ይሆናል፣ የቦታው ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ፒ″ ይሆናል። የመቀነስ ምልክቷን ልብ በሉ፣ እሷ ከጠፋች ሞገዱ ወደ ኋላ ይሄድባችኋል። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስታመጡ፦

ዲ × ፒ″ + ሲ × ፒ′ + አር × ፒ × (1 − ፒ) = 0

ሁለት ተለዋዋጭ የነበረው ነገር አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ቀረው። ዳርቻዎቹን መጻፍ አትርሱ፦ በስተኋላ፣ ዜድ ወደ −∞ ሲሄድ፣ ፒ ወደ 1 ይሄዳል፤ በስተፊት፣ ዜድ ወደ +∞ ሲሄድ፣ ፒ ወደ 0። በመሃል ደግሞ ፒ ከ0 መውረድ አይችልም፤ ኔጋቲቭ እምቦጭ ብሎ ነገር የለም። ይቺ የመጨረሻዋ ቅድመ ሁኔታ ቀላል ትመስላለች እንጂ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት።

3ኛ ደረጃ፦ ጫፉን ብቻ ተመልከቱ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሙሉውን እኩልዮሽ በእጅ ለመፍታት ይታገላል። ወፍ የለም። ለማንኛውም ሲ የሚሠራ ቀለል ያለ ቀመር የለውም። ይልቅ ግንባሩ ጫፍ ላይ ሂዱ፣ አረሙ እዚህም እዚያም አንድ አንድ እያለ የሚታይበት ቦታ። እዚያ ፒ በጣም ትንሽ ስለሆነ ፒ² ከቁጥር አይገባም፣ ጣሉት። የሚቀረው፦

ዲ × ፒ″ + ሲ × ፒ′ + አር × ፒ = 0

ይሄ የአንደኛ ዓመት ልጅ የሚፈታው ነው። ፒ = ኢ^(ላምዳ × ዜድ) ብላችሁ ተኩ፣ ኢ የተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም መሠረት ናት፦

ዲ × ላምዳ² + ሲ × ላምዳ + አር = 0

ላምዳ = [−ሲ ± √(ሲ² − 4 × አር × ዲ)] / (2 × ዲ)

አሁን ሥሩ ውስጥ ያለውን እዩት። ሲ² ከ4 × አር × ዲ ካነሰ ሥሩ ውስጥ ኔጋቲቭ ገባ፣ ላምዳ ኮምፕሌክስ ሆነ፣ መፍትሔው ሳይን እና ኮሳይን አመጣ። ማለትም ፒ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከዜሮ በላይና በታች እየተወዛወዘ ነው። ከዜሮ በታች ደግሞ ከልክለናል። ስለዚህ፦

ሲ ≥ 2 × √(አር × ዲ)

አለቀ። የፈለግነው ቁጥር 2 ነው። በእኛ ምሳሌ ዝቅተኛው ፍጥነት በቀን 2 ሜትር ሆነ።

ልብ በሉ፣ ከ2 በላይ ያለ ፍጥነት ሁሉ ይፈቀዳል። ታዲያ ለምን ዝቅተኛውን እንመርጣለን? ምክንያቱም አረሙ ሲጀምር ከሆነ ቦታ ወዲያ ጭራሽ ከሌለ፣ ግንባሩ ውሎ አድሮ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት እንደሚሄድ እነ ኮልሞጎሮቭ አረጋግጠዋል። ፈጣኖቹ የሚመጡት ጅማሬው ላይ ረጅም ቀጭን ጭራ ካለ ነው። ርዝመትን በ√(ዲ/አር)፣ ማለትም በ20 ሜትር፣ ጊዜን በ1/አር፣ ማለትም በ20 ቀን ብትለኩ እኩልዮሹ ላይ አር እና ዲ ሁለቱም ይጠፋሉ። በዚያ አለካክ ጭራው እንደ ኢ^(−ኤ × ኤክስ) የሚቀንስ ከሆነና ኤ ከ1 ካነሰ፣ ፍጥነቱ ኤ + 1/ኤ ይሆናል። ኤ ግማሽ ከሆነ 2.5 ማለት ነው። ኤ 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ያው 2 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ደስ ይላል። ፍጥነቱን ስናወጣ ከኋላ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ አረም አንዴም አልነካነውም። ሞገዱን የሚጎትተው ጫፉ ነው። ከዳር ያለው አረንጓዴ ሜዳ ዓይን ይስባል፣ ነገ አረሙ የት እንደሚደርስ የሚወስኑት ግን ከፊት የተበታተኑት ናቸው።

4ኛ ደረጃ፦ ሞገዱ በእርግጥ መኖሩን አሳዩ

እስካሁን ያሳየነው ከ2 በታች እንደማይቻል ነው። ከ2 ጀምሮ እንደሚቻል ለማሳየት ፌዝ ፕሌን ሥሩ፣ ማለትም ፒን በአግድም፣ ፒ′ን በቁም ይዞ መፍትሔው ወዴት እንደሚሄድ በፍላጻ የሚያሳይ ሥዕል። ኪው = ፒ′ በሉ፣ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ እኩልዮሽ ይኖራችኋል። ማረፊያ ነጥቦቹ (0፣ 0) እና (1፣ 0) ናቸው። (1፣ 0) ላይ አይገንቫሊዎቹ (ቅድም እንዳወጣናቸው ላምዳዎች ያሉት) አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ ስለሚሆኑ ሳድል ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ይስባል በሌላው ይገፋል። (0፣ 0) ላይ፣ ሲ ከ2√(አር × ዲ) ካላነሰ፣ ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ የሚስብ ኖድ ነው። ከሳድሉ ወደ ግራና ወደ ታች የሚወጣውን መንገድ ተከተሉ። በፒ አግድም መስመር እና ከመነሻ ነጥቡ በሚወጣ ኪው = −(ሲ/(2 × ዲ)) × ፒ በሚባል ቀጥ ያለ መስመር መሃል ሦስት ማዕዘን ሥሩ፣ ቀኝ ጎኑን ፒ = 1 ላይ ዝጉት። ፍላጻዎቹ ከዚያ ሦስት ማዕዘን አያስወጡም። መውጫ ያጣ መንገድ (0፣ 0) ላይ ይወድቃል። ፈተና ላይ ይቺ ሥዕል ከሦስት ገጽ ስሌት ትበልጣለች።

የእጅ ሥራችሁን ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ አንድ ቀመሩ የታወቀ መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 አብሎዊትዝ እና ዜፐቴላ ያገኙት ነው፦ አር እና ዲ በጠፉበት አለካክ ሲ = 5/√6፣ ማለትም 2.04 ገደማ፣ ሲሆን

ፒ = 1 / (1 + ኢ^(ዜድ/√6))²

ተክታችሁ ሞክሩት፣ ይሠራል። ከ2 በትንሹ ስለሚበልጥ የቅርጹንም መልክ ያሳያችኋል። የግንባሩ ስፋት በግምት 4 × ሲ ነው። ለእኛ 8 አሃድ፣ ማለትም ወደ 160 ሜትር። ጥቅጥቅ ካለው እስከ ሳሳው ድረስ ያ ሁሉ የሽግግር ቀጠና ነው።

5ኛ ደረጃ፦ በኮምፒውተር አስኪዱት

ፓይተንም ይሁን ማትላብ፣ ኤክሴልም ቢሆን ይበቃል። 2,000 ሜትር ርዝመት ውሰዱ፣ በየ5 ሜትሩ ነጥብ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን 100 ሜትር 1 አድርጉት፣ ሌላውን 0። የጊዜ እርምጃችሁ ሩብ ቀን ይሁን። በእያንዳንዱ እርምጃ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ፦

አዲሱ ዩ = ዩ + 0.25 × [20 × (የግራው − 2 × ዩ + የቀኙ) / 25 + 0.05 × ዩ × (1 − ዩ)]

የቀኙና የግራው የድሮ ዋጋቸው መሆን አለበት። አዲሱን በሌላ ዝርዝር ላይ ጻፉ እንጂ እዚያው ላይ አትደልዙ። ዳር ላይ የሌለውን ጎረቤት የራሱን የዳሩን ዋጋ ስጡት፣ እምቦጩ ከግድግዳው እንዳያልፍ።

የጊዜ እርምጃዋን እንደፈለጋችሁ ማርዘም አትችሉም። ዲ × የጊዜ እርምጃ / የቦታ እርምጃ² ከግማሽ ከበለጠ ቁጥሮቹ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየዘለሉ ይፈነዳሉ። የእኛ 20 × 0.25 / 25 = 0.2 ነው፣ ሰላም ነው። ነጥቦቹን በየ1 ሜትሩ ካደረጋችሁ ግን በዚያው ሩብ ቀን 5 ይመጣል፣ ወዲያው ይበላሻል። ነጥብ ሲጠጋጋ ጊዜውም አብሮ ማጠር አለበት፣ ያውም በካሬው።

600 ቀን አስኪዱት። ዩ = 0.5 የሚሆንበትን ቦታ በየጊዜው መዝግቡ፣ በሁለት ነጥብ መሃል ከወደቀ በቀጥታ መስመር አካፍሉት። ከዚያ የመጨረሻውን 100 ቀን ርቀት ለ100 አካፍሉ።

በቀን 2 ሜትር አይመጣላችሁም። በ1.9 እና በ2 መሃል የሆነ ነገር ነው የሚመጣው። ኮዳችሁ ውስጥ ስህተት ፍለጋ ሌሊቱን አትጨርሱ። ጥቂቱ የነጥቦቹና የጊዜ እርምጃው ጉዳይ ነው፤ ትልቁ ግን የሒሳቡ ነው። ግንባሩ ወደ 2 የሚጠጋው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ብራምሰን የሚባል የሒሳብ ሰው እንዳሳየው፣ አር እና ዲ በጠፉበት አለካክ ቦታው 2 × ቲ ሲቀነስ 1.5 × የቲ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው። ፍጥነቱ ታዲያ በግምት 2 − 1.5/ቲ ይሆናል። 600 ቀን በዚያ አለካክ 30 ነው፣ 1.5/30 ደግሞ 0.05። እና 1.95 አካባቢ ካገኛችሁ ኮዳችሁ ጤነኛ ነው። ልክ 2.00 ቢመጣላችሁ ነበር የሚያጠራጥረው።

6ኛ ደረጃ፦ እኩልዮሹ መነሻ ገደብ ካለው ዘዴ ቀይሩ

አንዳንዱ ነገር ጥቂት ሲሆን ይሞታል፣ ከሆነ መጠን ሲያልፍ ነው የሚያድገው። ያኔ የእድገቱ ክፍል አር × ዩ × (1 − ዩ) × (ዩ − ኤ) ይሆናል፣ እዚህ ኤ ገደቡ ነው፣ በ0 እና በ1 መሃል። የጫፉ ብልሃት እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም ጫፉ ላይ ያለው እየሞተ ነው። ይሄን ሞገድ ከኋላ ያለው ብዛት ነው የሚገፋው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን እወቁ። እኩልዮሹን በፒ′ አባዙና ከ−∞ እስከ +∞ ኢንተግሬት አድርጉ። የሚቀረው ሲ × (የፒ′² ኢንተግራል) = የእድገቱ ክፍል ከ0 እስከ 1 ያለው ኢንተግራል ነው። የቀኙ (1 − 2 × ኤ) × አር / 12 ይመጣል። ገደቡ ከግማሽ ካነሰ ግንባሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከግማሽ ከበለጠ ያፈገፍጋል፣ ልክ ግማሽ ከሆነ ቆሞ ይቀራል። ምንም ሳንፈታ!

ቀመሩንም ማውጣት ይቻላል። ፒ′ = −ኬ × ፒ × (1 − ፒ) ብላችሁ ገምቱ። አንዴ ዴሪቬት ስታደርጉት ፒ″ = ኬ² × ፒ × (1 − ፒ) × (1 − 2 × ፒ) ይሆናል። ወደ እኩልዮሹ አስገቡና ሁሉንም ለፒ × (1 − ፒ) አካፍሉ፦

ዲ × ኬ² × (1 − 2 × ፒ) − ሲ × ኬ + አር × (ፒ − ኤ) = 0

ይሄ ለሁሉም ፒ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ የፒ አባዢ ለብቻው ዜሮ፣ ቋሚው ለብቻው ዜሮ። ከመጀመሪያው ኬ = √(አር / (2 × ዲ))፣ ከሁለተኛው

ሲ = (1 − 2 × ኤ) × √(አር × ዲ / 2)

ትወጣለች። ቅርጹም ፒ = 1 / (1 + ኢ^(ኬ × ዜድ)) ነው። እዚህ ፍጥነቱ አንድ ብቻ ነው፣ «ዝቅተኛው» ምናምን የሚባል ነገር የለም።

እምቦጭ የትኛው ነው? ከአንድ ቁራጭ ተነስቶ ስለሚራባ የመጀመሪያው ይሻለዋል። አንድ ተክል ማለፉ በቂ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ቀመሩን ሥራ ላይ አውሉት

በየቀኑ ከአረሙ የተወሰነ እጅ ይነቀላል እንበል፣ ኤች በሉት። አር በ(አር − ኤች) ይተካል፣ ፍጥነቱ 2 × √(ዲ × (አር − ኤች)) ይሆናል። የ√ ምልክቷን አትርሱ። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ እድገቱን በግማሽ መቀነስ አይበቃም፤ ሦስት አራተኛውን መንቀል ያስፈልጋል። በእኛ ቁጥር በቀን ከመቶ 3.75 ማለት ነው። ለማቆም ደግሞ ከመቶ 5 እና ከዚያ በላይ፣ ያውም የሳሳውን ጫፍ ጭምር። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ላየ ይሄ ከባድ ቁጥር ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጣጣ፦ ንፋስ። የታንኳ ቀዛፊ ብትጠይቁ እምቦጩን የሚያመላልሰው ንፋስ ነው ይላችኋል፣ እውነቱን ነው። ተክሉ ተንሳፋፊ ነው፣ ቅጠሉ ንፋስ ይይዛል። ንፋሱ በቀን ደብሊው ሜትር የሚገፋው ከሆነ በእኩልዮሹ ግራ በኩል ደብሊው × ∂ዩ/∂ኤክስ ጨምሩ። ዜድን እንደገና ስትተኩ የሚለወጠው ሲ በ(ሲ − ደብሊው) መተካቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በንፋሱ አቅጣጫ ያለው ግንባር ደብሊው + 2√(አር × ዲ) ይሄዳል፣ በተቃራኒው ያለው ደግሞ 2√(አር × ዲ) − ደብሊው። ደብሊው ከ2 ሜትር ከበለጠ የኋለኛው ግንባር እያደገም ቢሆን ወደ ኋላ ይገፋል። ንፋሱ ቋሚ ካልሆነ፣ ጠዋት አንድ ወገን ማታ ሌላ ከሆነ፣ የአንድ ቀን ልኬት ይዛችሁ ስለ ሞገድ ማውራት አይቻልም፤ አማካይ ውሰዱ።

ለመለካት ሳተላይት ተጠቀሙ። ሴንቲኔል-2 የሚያነሳቸው ምስሎች በነጻ ይገኛሉ፣ አንድ ነጥባቸው 10 ሜትር ነው፣ አንድ ቦታ ላይ በየ5 ቀኑ ያልፋሉ። በቀን 2 ሜትር ማለት በ5 ቀን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ተከታታይ ምስል አታወዳድሩ፣ ቢያንስ የወር ልዩነት ይኑረው። በሐይቁ ላይ አረሙ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰፋ የሸፈነውን ስፋት ለኩና ካሬ ሥሩን (√) ውሰዱ። ስኬላም የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 እንደዚሁ አድርጎ ነው እ.ኤ.አ. በ1905 ፕራግ አጠገብ አምልጦ የተሰራጨውን ሙስክራት የሚባል የውሃ አይጥ የመረመረው፤ የስፋቱ ሥር ከጊዜ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ሠራለት። መስመራችሁ ቀጥ ካለ ዘንበሉን ለ1.77 አካፍሉ፣ ፍጥነቱ እሱ ነው። ዳር ይዞ በግማሽ ክብ የሚሰፋ ከሆነ ለ1.25። ክረምት ላይ ደመና ሐይቁን ስለሚሸፍነው ከጥቅምት ጀምሮ ያሉትን ምስሎች ምረጡ።